በር ላይ የተቆጠረ ትርፍ

የሳሙና ፋብሪካው የመውጫ በር ዘበኛ ያን ዕለት ከጧት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷቸው ዋሉ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ አክሲዮን መሸጥ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሽያጩ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ በሩን ለባልደረባቸው አደራ ብለው፣ የባንክ ደብተራቸውን በደረት ኪሳቸው ሸጉጠው አክሲዮኑ ወደሚሸጥበት ቢሮ ሲገሰግሱ፣ ኮሪደሩ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተላተሙ። ልጅቷ ኦዲተር ናት፤ ለሌላ ድርጅት ጉዳይ ነበር ወደዚያ ሕንፃ የመጣችው።

«ጋሼ፣ ምነው በደኅና? ላብ አጥምቆዎታል እኮ» አለቻቸው።

«ደኅና ነኝ ልጄ፣ አታቁሚኝ። ሰልፉ እየረዘመብኝ ነው። ያለችንን ገንዘብ አክሲዮን ልገዛባት ነው።»

«ሁሉንም?»

«ከነሳንቲሟ!»

የሃያ ሁለት ዓመት ቁጠባ ናት። ግማሿ ከእሳቸው ደመወዝ፣ ግማሿ ከሚስታቸው የመጣች ነች። ሚስታቸው ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ፤ እጃቸው ከመሰነጣጠቁ የተነሣ ማታ ማታ ጨው የነካው ቁስል ያህል ያቃጥላቸዋል። ሰውዬው ይህን በየማታው ያያሉ። የትርፍ ድርሻው መግባት ሲጀምር ከዚያ ሥራ ሊያስወጧቸው ለራሳቸው ምለዋል።

ልጅቷ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሒሳብ መግለጫ እያሳየች፣ «ይህን አንብበውታል?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ለምን ወረቀት አነባለሁ? በሩ ላይ የተቀመጥኩ ሰው! አምና በቀን አሥራ አራት መኪና ነበር የሚወጣው፤ ዘንድሮ ሃያ አንድ ገብቷል። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩሽም።»

ሾፌሮቹ «ቆጣሪው» የሚል ስም ያወጡላቸው ለዚሁ ነው። የወጣ መኪና አያመልጣቸውም።

«እርስዎ የቆጠሩት ሽያጭ ነው፤ እሱም ከተሸጠ ነው» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «ከሽያጩ ላይ የጥሬ ዕቃው፣ የነዳጁ፣ የደመወዙ፣ የባንኩ ወለድ ሲነሣ የሚቀረው ነው የተጣራ ትርፍ የሚባለው። የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው ከእሱ ነው። ይኸው፣ ያንብቡት። የተጣራ ትርፉ ካምናው ሲሶ አይሞላም። ዕዳው ደግሞ እጥፍ ሆኗል።»

«ታዲያ መኪናው ባዶውን ነው የሚወጣው?»

«ሞልቶ ነው የሚወጣው። በኋላ በር የሚገባውንስ ማን ይቆጥራል?»

ቆጣሪው መግለጫውን ቀና ብለው አዩት። የኋላው በር የሌላ ዘበኛ ነው፤ ምን እንደሚገባበት አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። እንፍረድባቸው ካልን በራሳችንም መፍረዳችን ነው። ስንቶቻችን ነን የጎረቤት ሱቅ ደንበኛ ሲጋፋበት አይተን «ይኼ ሰው ከበረ» የምንለው? ኪራዩንና ብድሩን አላየንለትም።

«የሆነ ሆኖ በየዓመቱ ይከፍሉኛል» አሉ በእልህ።

«ጋሼ፣ እሱ ቦንድ ነው። ባለቦንድ አበዳሪ ነው፤ ድርጅቱ አተረፈም አላተረፈም ወለዱን ሊከፍለው ውል ገብቷል። ባለአክሲዮን ግን ባለቤት ነው። ሲያተርፉ ይካፈላል፣ ሲከስሩ አብሮ ይከስራል። ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ንብረቱ ተሸጦ መጀመሪያ የሚከፈለው ለአበዳሪዎች ነው፤ ለባለአክሲዮን የሚደርሰው ከተረፈ ነው።»

«ሊዘጋ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም። ሊያገግምም ይችላል። አክሲዮን ክፉ ነገር ቢሆን እኔም አልገዛም ነበር። ግን ደመወዝዎ ከዚህ፣ ቁጠባዎም እዚህ ከሆነ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የሚሄዱብዎ። ለመሆኑ እትዬ ምን አሉ?»

«አልነገርኳትም። ድንገት ላስደስታት ብዬ ነው።»

ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። እያወሩ የተሰለፉበት ሰልፍ ወደፊት ተገፋ። ከኋላ ያለው ሰው «ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» ሲላቸው፣ አንድ እግራቸው ወደ ሽያጩ መስኮት፣ አንዱ ወደ ደረጃው አለ። በመጨረሻ ደረጃውን ሮጠው ወረዱ።

ሆቴሉ ሩቅ አልነበረም። ሚስታቸው በእንፋሎት ውስጥ አንሶላ ሲጨምቁ አገኟቸውና እያለከለኩ ሁሉን ነገሩ። ሚስትዮዋ አንሶላውን አስቀመጡ።

«የእናንተን ሳሙና እኮ ከተውነው ስድስት ወር አለፈው» አሉ። «አረፋ የለው፣ እጅ ይልጣል። አርባ ካርቶን ነው የመለስነው። ሌሎችም ሆቴሎች እንደመለሱ ሳሙናውን የሚያመላልሰው ሾፌር ራሱ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? አንተ ማታ ስትገባ የምትነግረኝ ስንት መኪና እንደወጣ ነው። ግማሹ የእኔ ገንዘብ ነው፤ እሱንም ቢሆን ዛሬ ገና ነው የምትጠይቀኝ።»

ሰውዬው አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። በጣም አፈሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ያለፈው እዚያው የአንሶላ ክምር ላይ እንደተቀመጡ ነው።

በሳምንቱ ልጅቷ እቤታቸው መጣች። ሦስቱም ወረቀት ዘርግተው ተከራከሩ፤ ሚስትዮዋ ከሁሉም በላይ ጠየቁ። ለሕመምና ለክፉ ቀን የሚሆነው ባንክ ቀረ፣ የሚበዛው ቦንድ ተገዛበት፣ ጥቂቱ መግለጫቸው በተነበበ ሁለት ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ዋለ። የሳሙና ፋብሪካው በዚያ ዓመት አንዲት ሳንቲም አላካፈለም። ሁሉን ያስገቡት ሠራተኞች የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለመበደር ሲሯሯጡ፣ ቆጣሪው የማንም ደጅ አልጠኑም። ሀብታም አልሆኑም፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ወለዱና የትርፍ ድርሻው ተደምሮ የቤት ኪራዩን ቻለ። ሚስታቸውም ሥራቸውን ወደ ግማሽ ቀን ቀነሱ።

በመጀመሪያው ቀን ሚስትዮዋ በስድስት ሰዓት እቤት ገቡ፤ ባልየው የዕረፍት ተራቸው ነበር። ጓዳ ገቡ፣ ወጡ፣ የታጠፈ ልብስ ዘርግተው መልሰው አጠፉ።

«አሁን ምን ልሥራ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«ምንም» አሉ ባልየው።