ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ስድስት ሰዓት

ክቡራትና ክቡራን፣ የላንቴ ገበሬዎች፣ ለዓመታት አብረን የሠራን ወዳጆቼ፤

አዳራሹን ለፈቀደልን ማኅበር፣ ዓሣውን ለጠበሱልን ለእነ ዕድላዊት እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሹ ሰፊ መሆኑ በጣም ጠቅሞናል፤ መምህር አበጋዝ በዚያ ጫፍ፣ ሳሊሕ በዚህ ጫፍ መቀመጥ ችለዋል።

ለእንግዶች ልንገራችሁ። እኛ ስምንት ሰዎች ነን። ሙዝ የሚጭነው አይሱዙ ላንቴ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ በስልክ የሚናገር ፕሮግራም በነጻ እንሠራለን። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያሻው ያየዋል፣ ያሻው ማሻሻያ ይልካል። የተላከውን መርምሮ የሚያስገባው ግን አንድ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አሁን ከቢሮ ሥራዬም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ጋ ሐዋሳ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳላውቅ መሄድ አልፈለግኩም። ደመወዝ የለን፣ ሹመት የለን፤ ታዲያ ምን አግኝተን ነው እንዲህ የምንጣላው?

የሙዟን ሥዕል ታስታውሳላችሁ? ስልኩ ላይ የምትታየው ሙዝ አረንጓዴ ትሁን ቢጫ ብለን ሦስት ወር ተከራከርን። መምህር አበጋዝ «ገበሬ የሚሸጠው አረንጓዴውን ነው» አሉ። ሳሊሕ «አረንጓዴ ካደረግናት ሰው ቃሪያ ትመስለዋለች» አለ። ቢቸግረን ገበሬውን እንጠይቅ ብለን እዚህ ያሉትን አቶ ሸዋንዳኝን ጠየቅናቸው። «ሥዕል አለው እንዴ?» አሉን።

ትልቁ ጠባችን ግን ስለ ሰዓት ነበር። ሲቀላ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ሳሊሕ «ስልኩ ዘጠኝ ካለ እኛም ዘጠኝ እንበል» ይላል። መምህር አበጋዝ ደግሞ «ጠዋት ሦስት ሰዓትን ላንቴ ላይ ማነው ዘጠኝ የሚለው?» ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን ሳሊሕን «ምናለ ብትተወው?» ብዬ ብጠይቀው «እትዬ ሻሺቱ፣ እሳቸው ለምን አይተዉትም?» አለኝ። መምህሩንም ጠየቅኩ፤ ያንኑ መልስ ሰጡኝ።

ከዚያ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያ ቀን መጣ። መኪናው ጠዋት በሦስት ሰዓት ላንቴ ደረሰ። የተቆረጠ ሙዝ ስላላገኘ ባዶውን ወደ ምዕራብ ዓባያ አለፈ። አቶ ሸዋንዳኝና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ግን ፕሮግራማችን ዘጠኝ ስላላቸው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል ብለው ቆርጠው ከምረው ጠበቁ። ቀጣዩ መኪና በአራተኛው ቀን መጣ። ያ ሁሉ ሙዝ ጠቁሮ ነበር።

መምህር አበጋዝ «ሰዓቱን ወደ እኛ የመለስኩበትን ሥራዬን ሳሊሕ ሰረዘው» አሉ። ሳሊሕ «እሳቸው ናቸው ያበላሹት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸው።

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ የስምንታችንን የስልክ ግሩፕ የድሮ መልእክት ከሥር ጀምሬ አነበብኩ። መጀመሪያ ያየሁት ጠቡን የጀመረው ማን እንደሆነ ነው። «ወገኖቼ፣ ሰዓቱን በየትኛው እናድርገው? ቀላል ጥያቄ ነው» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ!

ቀጥዬ የዚያን ቀን ኮድ ከፈትኩ። መምህር አበጋዝ ከስልኩ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሰው ልከዋል፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ሳሊሕስ ምን ልኮ ነበር መሰላችሁ? እሱም ስድስት ቀንሶ ነበር! ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «አንዲት እናት ሱቄ መጥተው ሰዓቱን በጣታቸው ሲቀንሱ አየሁ። የመምህሩ ይሻላል።»

ርእሱን ግን «ትንሽ ማስተካከያ» ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ ጭቅጭቃቸው ሰልችቶኝ ሁለቱንም ሳልከፍት አስገባኋቸው። ከዘጠኝ ስድስት ሲቀነስ ሦስት ነው። ከሦስት ላይ እንደገና ስድስት ብትቀንሱ ሰዓቱ ዞሮ ዘጠኝ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ የምታዩት በእኛ ሰዓት ነው» ብዬ ለገበሬው ሁሉ ማስታወቂያ ላክሁ። አቶ ሸዋንዳኝ ያመኑት እኔን ነው።

መኪናው ባዶውን ባለፈ በማግሥቱ ሳሊሕ «እኔም እኮ ቀንሻለሁ» ብሎ ግሩፑ ላይ ጽፏል። መምህሩ ያኔ ግሩፑን ጥለው ወጥተው ነበር። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ነገሩም ትንሽ ሸቶኛል። ሁሉን ካላወቅኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴትዮ፣ ያን አንድ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ለማወቅ ፈራሁ። ብከፍተው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ እንዳይገኝ ብዬ ሁሉንም ወደ ድሮው የስልክ ሰዓት መለስኩና ዝም አልኩ። አፍሬበታለሁ።

መምህር አበጋዝ፣ ሳሊሕ፤ ጠባችሁ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንዱ የሌላውን ማንበብ ስላቆመ ነው ያልሰማችሁት፤ እኔ ደግሞ እያየሁ አልነገርኳችሁም።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ተተኪ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ይቆማል። ሁለታችሁም «እሱ ከያዘው እኔ የለሁበትም» ብላችሁኛል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ሥልጣኑን ትናንት ለሁለታችሁም ሰጥቻለሁ። አንዳችሁ የላካችሁትን ሌላው ከፍቶ ሳያነብ ግን ምንም አይገባም። መጣላት አልከለክልም፤ ተነባብባችሁ ተጣሉ።

በሉ ልመርቃችሁ። ደክማችሁ የሠራችሁትን የሚያይላችሁ ሰው አትጡ። ላንቴ ሙዟ ሳይከስም ይጫንላት፤ መኪናዋም ባዶውን አይለፋት። ልጆቻችሁ ከእኛ የተሻለ ነገር ይሥሩ፣ ከእኛ ባነሰ ነገር ይጣሉ። ያጣላችሁ ነገር ዕድሜው ይጠር፣ የእናንተ ይርዘም። አሜን በሉ!

አቶ ሸዋንዳኝ፣ መምህር አበጋዝ፣ ሳሊሕ፤ ይቅር በሉኝ። መልሳችሁን ከአፋችሁ ሳልሰማ ከዚህ አልወርድም።