ቅመማ የምትባል ቃል

ነገሩ በ1974 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት፣ ኬሚስትሪ በማስተምርበት በጋይንት ነው። ለክፍል ሙከራ ሎሚ ልገዛ አርብ ገበያ ወጥቼ ሳለ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ለደብሩ ግድግዳ የገዙት ገና ያልተበጠበጠ ኖራ በስልቻ ተቀምጧል። ልጃቸው አበራሽ ከትምህርት ከቀረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ደርሷል። በክፍሌ እሷን የሚያህል ጎበዝ አልነበረኝም።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? አበራሽን አሟት ይሆን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በጥር እድራታለሁ።»

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ያጠፋኸውስ አንተ ነህ። ኬሚስትሪ ምንድን ነው ብላት ቅመማ ነው አለችኝ። ያለ እሳት አሞቅን፣ ያለ ውርጭ አቀዘቀዝን አለችኝ። ወንድሜ አንዳርጌ ቀማሚ ነው ተብሎ ከደብር ወጥቶ የገባበትን አላውቅም። ልጄን በዚያ ስም አላስጠራም።»

እውነትም ጥፋቱ የኔ ነው። የወረዳው ካድሬ የፈረንጅ ቃል አታብዛ ቢለኝ ኬሚስትሪን ቅመማ ብዬ በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። በጋይንት ቀማሚ ሲባል ሰው የሚፈራው መርዝና መተት የሚሠራውን እንደሆነ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ አላሰብኩትም እንጂ። አፈርኩ።

ጠላ ከምትሸጠው ከአመተ ማርያም ገልና ውሃ ለመንኩ። ከስልቻው አንድ ጓል ኖራ አስፈቅጄ ገሉ ላይ አኖርኩና ውሃ አፈሰስኩበት። ጥቂት ቆይቶ ተሰነጣጠቀ፣ እንፋሎት አወጣ። መሪጌታ ንቅንቅም አላሉ።

«ይሄማ ኖራ ነው፤ ስንት ዘመን በጥብጬዋለሁ» አሉ።

«ድግምት አለበት?»

«ምን ድግምት አለው፤ ውሃ ሲነካው ይሞቃል እንጂ።»

«አበራሽ የሠራችው ይኸንኑ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ሲሆኑም ሙቀት ያወጣሉ።»

ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ነው። «ኖራ ተሸክሜ ዝናብ ቢይዘኝ ነው። ኃጢአቴ ነው ብዬ ሱባኤ ገባሁ።»

«ኖራው ስለራሰ ነው፣ የኔታ።»

«ቅዝቃዜውስ?»

ከገዛሁት ሎሚ በጠላ ሻጯ ጣሳ ጨመቅኩና ጣሳውን አስያዝኳቸው። ለክፍል ከያዝኩት ሶዳ ከሚባለው ነጭ ዱቄት ጨመርኩበት። ኩፍ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«በረደ» አሉ ተገርመው።

«እነዚህ ደግሞ ሲዋሐዱ ሙቀት ይፈልጋሉ። ከጣሳውም ከእጅዎም ወሰዱ።»

«ሳያስፈቅዱኝ» ብለው ሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «አንዳርጌም ይኸንኑ ሲሠራ ይሆን ያባረርነው?»

አላውቅም አልኳቸው፤ በእውነትም አላውቅም። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ማወቅ ለፈተና ብቻ አይምሰልህ። ከዚያ ወዲህ የደብሩ ሰዎች ኖራ ሲበጠብጡ እጃቸውን በቆዳ ይሸፍናሉ፤ ሰማይ ከጠቆረ ስልቻውን ያስጠልላሉ። እጁ የተቃጠለ አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት አበራሽ በደረቅ ቆዳ የተቋጠረ ኖራ ይዛ ክፍል ገባች።

«አባቴ ለሙከራው ነው ብሏል፤ እርጥብ እጅ እንዳይነካው» አለችኝ።

«ሌላስ?»

«ምን እንደምትማሪ የሚጠይቅሽ ካለ፣ ሳታፍሪ ቅመማ ነው በይ አለኝ።»