የማን ማዕድ ነህ?

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ አባቶቼ ካህናት፣ ከዶርዜ የወረዳችሁ ዘመዶች፣ የእድራችን ሰዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናቶች፣ እህቶች። እዚያ ግንቡ ጥግ ተሰብስባችሁ የቆማችሁ የታች ሰፈር ልጆችም። ሁላችንንም እግዚአብሔር ያጽናን።

ለማታውቁኝ፣ ጌታነህ እባላለሁ። ማረሚያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ዳልጮ እዚያው ሽመና ያስተምር ነበር። እኔ የታራሚዎቹን ስም እጽፋለሁ፣ እሱ እጃቸውን ሥራ ያስይዛል። እንዲህ እያልን አብረን አረጀን።

ዳልጮ ማክሰኞ ዕለት መናኸሪያው አጠገብ በድንጋይ ተመታ። ትናንት ጠዋት አረፈ። ድንጋዩን የወረወረው ሳምሶን ነው፣ የገዛ ተማሪው። ለዳልጮ ብሎ አልወረወረውም፣ ይህንንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ሳምሶን አሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው። እናቱ ሸዋነሽ ከማክሰኞ ጀምሮ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ለምን? መጀመሪያ በቀል ፈርታ፣ ትናንት ደግሞ «ከቀብሩ በኋላ እንመጣለን» የሚል መልእክት ስለደረሳት። ማን እንደላከው አልጠይቅም። የላከው ሰው ቆሞ እየሰማኝ ነው። ስለዚህ እኔ ዛሬ የተነሳሁት ዳልጮን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ከቀብሩ በኋላ ወዴት እንደምንሄድ እንድንነጋገር ነው።

ከራሴ ልጀምር።

ማረሚያ ቤት አዲስ ገቢ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» እላለሁ። የላይ ሰፈር ካለኝ ሦስት ቁጥር ክፍል፣ የታች ሰፈር ካለኝ አምስት ቁጥር። በክፋት አይደለም፣ በደግነት ነው እኮ። አንዲት እናት ስንቅ ስታመጣ ለጎረቤቷ ልጅም ይዳረሳል ብዬ ነው። እኛ ሰው ሲቸገር የሰፈሩን ሰው ነው የምንጠራለት። እድሩ በሰፈር፣ ለቅሶው በሰፈር። እስሩም በሰፈር ቢሆን ምን ይጎዳል አልኩ። አለቆቼም ወደዱት።

ታዲያ ምን ሆነ? ሦስት ቁጥር ስንቁን አንድ ላይ አደረገ። አምስት ቁጥርም እንዲሁ። ጠያቂ ያለው ያቀርባል፣ ጠያቂ የሌለው ይበላል። ጠያቂ የሌለው ግን እንዲያው አይበላም። በመጀመሪያው ሳምንት የሌላውን ልብስ ያጥባል። በሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ፖሊስ ይጠብቃል። በሦስተኛው ሂድና እገሌን ምታ ይባላል፤ እገሌን አያውቀውም። እምቢ ካለ ምሳ ሲቀርብ ቦታ የለውም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስንት ቀን ነው እምቢ የሚለው?

ስሙን ማዕድ አሉት። እኔ በመዝገቤ ቡድን እላለሁ፣ ኮማንደሩ ወንበዴ ይላቸዋል፤ እነሱ ግን ማዕድ ነው የሚሉት። ሁለት ታራሚ ሲተዋወቅ ስም አይጠያየቅም። «የማን ማዕድ ነህ?» ነው ጥያቄው። እኛ ቤታችን የምንባርክበት ቃል እዚያ እንዲህ ሲበላሽ እኔ ቁጭ ብዬ መዝገብ እጽፍ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያየው ዳልጮ ነው። አማርኛውን ታውቁታላችሁ፣ እንደ ልቡ ነበር የሚናገረው። ወንዱን ሴት ያደርገዋል፣ ሴቷን ወንድ። «ኮማንደሩ መጣች» ሲል ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለሉ ነበር። ኮማንደሩ ራሱ ፊቱን አዙሮ ይስቅ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ ቆመ። «ጌታነህ» አለኝ፣ «ቡድኑን የምትሠራት አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። በእስክሪብቶህ።»

ተቆጣሁ። አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። እሱ ደግሞ ኩርፊያ የሚባል ነገር አይገባውም፤ በየቀኑ መጥቶ «ደህና አደርክ ወይ» እያለ ያበግነኛል። በስምንተኛው ቀን ሰለቸኝና «እሺ፣ ምን ይሻላል?» አልኩት። «ሁለት ልጅ ስጠኝ» አለ። «ከሦስት ቁጥር አንድ፣ ከአምስት ቁጥር አንድ። በጣም የሚጠላሉትን ምረጥልኝ።»

ከሦስት ቁጥር ሳምሶንን ሰጠሁት። ሳምሶን ያን ጊዜ ጠያቂ አልነበረውም። እናቱ ጫሞ ዳር ዓሣ ስታጸዳ ነው የምትውል፤ አንድ ቀን ከቀረች ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል። ስለዚህ ልጁ የበላው የማዕዱን ነው፣ የታዘዘውም ማዕዱን ነው። ከአምስት ቁጥር ዕዝራን ሰጠሁት። እነዚህ ሁለቱ ግቢ ውስጥ ጥርስ ተሰባብረው ነበር።

ሸማኔዎች እዚህ ስላላችሁ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ድር ሲዘረጋ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይይዛል። አንዱ ቢለቅ ይረግባል፣ አንዱ በንዴት ቢጎትት ይበጠሳል። ዳልጮ ሁለቱን በሁለት ጫፍ አቆማቸው። ኮማንደሩ «አብደሃል እንዴ፣ ይገዳደላሉ እኮ» አለው። «ክር ይዘው?» አለ ዳልጮ።

የመጀመሪያው ቀን ክሩ ተበጠሰ። ቋጠረው። ሁለተኛው ቀን ተበጠሰ። ቋጠረው። አንድም ቃል አልተቆጣም። በሦስተኛው ቀን የቢሮዬን በር ሳያንኳኳ በርግዶ ገባ።

«ጌታነህ፣ ተናገሩ!»

«ማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ። ዕዝራ ‹ሳብ› አለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉን በሰፈር መደልደል ተውኩ። ጠያቂ የሌለው ልጅ ምሳውን ከዳልጮ ጋር በላ። ትልቅ ዕቃ ሙሉ ፎሰሴ ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፣ የበቆሎውን፣ ሽፈራው የገባበትን። ያበሰለችው ሚስቱ ወርቂቱ ናት። ወርቂቱ እህቴ፣ አንቺ ያላየሻቸው ስንት ልጆች የአንቺን እጅ ያውቃሉ መሰለሽ። በልተው ሲያበቁ ዳልጮ ምንም አያዛቸውም። ይኸው ነው ዘዴው። የሚያበላ ሰው ምንም ሳያዝ ሲቀር ልጆቹ ግራ ይገባቸው ነበር፤ ቀስ እያሉ ግን ለመዱት።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ዛሬ ለምን እዚህ ቆምን?

ሳምሶን ሲፈታ በሩ ላይ ማን ጠበቀው? እኔ ጠበቅኩት? እኔ ቢሮዬ ውስጥ ስሙን እሰርዝ ነበር። እድራችን ጠበቀው? ቀበሌው ጠበቀው? በየጸሎት ቤታችን ስለ እስረኞች የምንጸልይ ሰዎችስ፣ አንዳችን ሄደን ጠበቅነው? የጠበቁት የሦስት ቁጥር ልጆች ናቸው፣ ባጃጅ ይዘው፣ ምሳ አዘጋጅተው። ዕዝራንም የእሱ ማዕድ እንዲሁ አድርጎ ተቀበለው። ሁለቱም ሽመና ያውቃሉ። መሸመኛ የሚተክሉባት አንዲት ጥግ የሰጣቸው ግን አልነበረም። እነሆ መናኸሪያው የላይ ሆነ፣ ገበያው የታች ሆነ። እኛም «የዛሬ ልጅ» እያልን ራሳችንን ነቀነቅን።

ማክሰኞ ዳልጮ ቤቴ መጣ። «ልጆቹ መናኸሪያው ጋ ተፋጠዋል፣ ሣር ይዘን እንውጣ» አለኝ። ከሩቅ የመጣችሁ እንድታውቁት፣ በጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ የተጣላ ሰው አያልፋቸውም። አባቶቻችን ስንት ደም በዚህ አስቀርተዋል። እኔ ምን አልኩት? «ፖሊስ አለ እኮ። ቆይ ሻዬን ልጨርስና ሰው እንሰብስብ» አልኩት። ሣር የአንድ ሰው ሥራ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። ጊዜ ግን አልነበረውም። ብቻውን ሄደ። ከመንገድ ዳር ነጭቶ በመካከላቸው ተንበረከከ።

ሁለቱም ወገን ለፖሊስ የሰጡት ቃል አንድ ነው። «ሣሩን አላየንም» ነው ያሉት። አምናቸዋለሁ። አይተው የሚያልፉ ልጆች አይደሉም። አንድ ሽማግሌ ብቻውን የያዘው ሣር በዚያ አቧራ ውስጥ አይታይም። አሥር ሆነን ብንወጣ ይታይ ነበር። ሳምሶን ድንጋዩ ማንን እንዳገኘ ሲያይ አልሸሸም። ሮጦ መጥቶ የዳልጮን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፖሊስ ያገኘው እዚያው ነው።

እኔ ሻዬን ጨርሼ ነበር የደረስኩት። ይህን ደብቄ ስለ ዳልጮ ሌላ ብናገር ውሸታም እሆናለሁ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ረቡዕ ሆስፒታል ገባሁ። ዓይኑን ገለጠ። ስለ ሕመሙ የሚያወራኝ መስሎኝ ተጠጋሁ።

«ሳምሶን የት ናት?» አለኝ።

«ጣቢያ ነው» አልኩት።

«ምሳ ማን ይወስዳል?»

ሸዋነሽ ፈርታ ከቤት እንዳልወጣች ነገርኩት። «እንግዲያ ማዕዱ ይወስዳል» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

ወርቂቱ አልጋው አጠገብ ነበረች፤ ሰምታለች። ረቡዕ ጣቢያ ምሳ ወሰደች። ሐሙስ ወሰደች። ትናንት ጠዋት ዳልጮ አረፈ። እኛ ድንኳን ስንተክል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ወርቂቱ ጠፋች። አንዷ ጓሮ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷት ይሆናል ትላለች። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ባዶ ሳህን ይዛ በበሩ ገባች።

«የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ጣቢያ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬ ሰው አይበላም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዕዝራ፣ ወደ ፊት ና አልልህም። ባለህበት ስማኝ። ድንጋዩ የተወረወረው ለአንተ ነበር። ዳልጮ በአንተ ፈንታ ነው የተኛው፣ ያ እንደከበደህ ከፊትህ አያለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እርሳ አልልህም። ግን ዛሬ ሸዋነሽ በር ላይ ብትሄዱ ምን ይሆናል? የላይ ልጆች ነገ እናንተ በር ላይ ይመጣሉ። ከእናንተ አንዱ ይታሰራል፣ እናቱ በሯን ትዘጋለች፣ እሱንም ማዕዱ ያበላዋል። ካበላው በኋላ ምን እንደሚያዘው ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ። ደክሞኛል ልጄ። የአንተን ስም ሁለተኛ ሌላ ሰው ሲጽፈው ማየት አልፈልግም።

ለዳልጮ አንድ ነገር ማድረግ ከፈለጋችሁ ለሸዋነሽ ሌላ መልእክት ላኩላት። «በርሽን ክፈቺ፣ ለልጅሽ ምሳ ውሰጂ፣ ማንም አይነካሽም» በሏት። እናንተ ካላላችኋት ማንንም አታምንም። እስክትከፍት ድረስ ግን ሰው ያስፈልጋል። ወርቂቱ ሦስት ቀን ወስዳለች፣ ዛሬ ትቀመጥ፣ ባሏን ታልቅስ። የዛሬው የእኔ ነው። የነገውን ማን እንደሚወስድ አላውቅም። ዕዝራ፣ አንተን እያየሁ ነው አላውቅም የምለው።

ዳልጮ፣ ወንድሜ። በዚያ መንገድ ብቻህን ላክሁህ። በዚህኛው ልከተልህ አልችልም፣ እስከዚህ ድረስ ነው የመጣሁት። በጎደለኝ ሁሉ ማረኝ። ለአንተ ያልተነሳሁትን ያህል ለልጆችህ እንድነሳ ጸልይልኝ። አፈሩ ይቅለልህ። ብዙ ባወራልህ ደስ ባለኝ፣ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ደህና ሁን፣ እኔ ልሂድ። ልጁ ምሳውን እየጠበቀ ነው።