የቀኝ ፊት ጎማ

(ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ መውጫ ያለ ጋራዥ፣ ጠዋት። ሜካኒኳ ሎሚናት እና አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዱት ጡረተኛው ጋሽ ይመር ከጋሽ ይመር አሮጌ የቤት መኪና አጠገብ ቆመዋል።)

ይመር፦ ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን አምፖል ንቀይልኝ ነው ያልኩሽ። መኪናዬን መርምሪልኝ መቼ አልኩ?

ሎሚናት፦ መብራቱ ምን አጠፋ ጋሽ ይመር? እሱ የፍሬኑን ችግር ነው የሚናገረው።

ይመር፦ ፍሬኗ ይይዛል። ዛሬ እንኳ ስመጣ ሦስት ጊዜ ይዟል።

ሎሚናት፦ ስንት ጊዜ ረግጠው?

ይመር፦ አልቆጠርኩም።

ሎሚናት፦ ይሄ ቢጫ መብራት የኤቢኤስ ነው። በዝናብ ድንገት ፍሬን ሲረግጡ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው። አሁን አይሠራም ማለት ነው።

ይመር፦ እኔ አውቶቡስ ስነዳ ኤቢኤስ የሚባል ነገር አልነበረም። ኤቢኤሱ እኔ ነበርኩ።

ሎሚናት፦ ታዲያ ዛሬ መብራቱ ምን አደረገዎት?

ይመር፦ እኔን ምንም። ባለቤቴን ነው። መብራቱ ከበራ ወዲህ ወለላ አልሳፈርም ብላለች። ነገ ኮምቦልቻ የልጅ ልጃችን ትመረቃለች፤ በሚኒባስ እሄዳለሁ ትላለች። የይመር ሚስት፣ በሚኒባስ!

ሎሚናት፦ ለአንድ ቢጫ መብራት?

ይመር፦ ቢጫ አትወድም።

ሎሚናት፦ እስቲ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ... የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው። የፍሬን ሸራውም ገና አላለቀም ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ልሰካባት።

ይመር፦ መኪናዋ ከኮምፒውተር በፊት የተወለደች ናት።

ሎሚናት፦ መሰኪያው አላት። ይኸው፣ «የቀኝ ፊት ጎማ ሴንሰር» ይላል። የጎማውን ፍጥነት የሚለካው ዕቃ ነው። ክሪኩን ያቀብሉኝ፣ ጎማውን ላንሳው።

ይመር፦ እርጅና ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሎሚናት፦ የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሷል።

ይመር፦ አይጥ ናት።

ሎሚናት፦ ቸርኬውንም አይጧ ናት ያጣመመችው?

ይመር፦ የዘንድሮ አይጥ ጉልበቷ አይጣል ነው።

ሎሚናት፦ የመንገድ ጠርዝ ቀለም ተለጥፎበታል ጋሽ ይመር።

ይመር፦ ጠርዙ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር።

ሎሚናት፦ ወጥቶ መታዎት።

ይመር፦ እንደዚያ በይው።

ሎሚናት፦ አንዴ ብቻም አይደል የመታዎት። በሩም ተፍቋል፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል፤ ሁሉም በቀኝ በኩል። ግራዋ ግን ምንም አልነካትም።

ይመር፦ አንቺ ሜካኒክ ነሽ ፖሊስ?

ሎሚናት፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ለማንኛውም ሽቦውን ልቀጥለው።

ይመር፦ ምላስሽን ተይና እጅሽን አፍጥኚው።

ሎሚናት፦ አለቀ። እዚሁ ግቢ አንድ ዙር ልንዳት... አዩ? መብራቱ ጠፋ።

ይመር፦ ተባረኪ! ወለላ እንግዲህ ምን ልትል ነው? ቁልፉን አምጪ።

ሎሚናት፦ እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑና በሩ ላይ የቆመውን ሚኒባስ ታርጋ ያንብቡልኝ።

ይመር፦ ፍሬን ሠሪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የዓይን ሐኪም የሆነችው?

ሎሚናት፦ ያንብቡልኝ።

ይመር፦ ኮድ ሦስት።

ሎሚናት፦ እሱን ሳያዩም ያውቁታል። ቁጥሩን።

ይመር፦ አቧራ ለብሷል።

ሎሚናት፦ አሁን ታጥቦ ነው የወጣው።

ይመር፦ ጉም ነው። ከክረምቱ ወዲህ በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ ጉም ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከዚያ በኩል ስትሻገር አላየኋትም። ወለላ ጮኸች፤ ልጅቷን ልስት መሪውን ጠመዘዝኩት፣ ጠርዙ ላይ ወጣን። ልጅቷ ደብተሯን ጥላ ሮጠች። መብራቱ የበራው ያን ዕለት ነው።

ሎሚናት፦ እትዬ ወለላ የፈሩት መብራቱን አይደለማ።

ይመር፦ ሰው ሲጠይቃት «መብራቱ ነው» ነው የምትለው። እኔም መብራቱ ነው እላለሁ። ተስማምተን ነው የምንኖረው።

ሎሚናት፦ የዓይን ሞራ ይሆናል። አባቴም ነበረበት፤ ሐኪም ገፈፈለት፣ ዛሬ መርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይመር፦ ሹፌር ዓይኔ አያይም ካለ ምን ይቀረዋል? አርባ ዓመት ስነዳ አንድ ሰው አልገጨሁም።

ሎሚናት፦ እንዳልገጩ ይቅሩ። ቁልፉ ይኸው። መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ ልከለክልዎት አልችልም። መብራቱም ጠፍቷል፤ ማንም አያውቅም።

ይመር፦ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሎሚናት፦ እኔ የምሠራው ፍሬን ነው።

ይመር፦ መንጃ ፈቃድ አለሽ?

ሎሚናት፦ አለኝ።

ይመር፦ እንግዲያው ቁልፉን አንቺው ያዢውና የዓይን ሐኪሙ ለምሳ ሳይወጣ አድርሺኝ። ቁልቁለቱን ግን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወርጂው፤ መንዳት ተውኩ እንጂ ማዘዝ አልተውኩም።