‹ዋና› ብሎ የገባ ሁሉ አይዋኝም

እትዬ፣ ይቀመጡ። ዛሬ በስንብትዎ ድግስ የእርስዎ ሥራ መስማት ብቻ ነው።

እዚህ ቤት የገቡ ቀን የቢሮዎ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ማዕረግ ጠበቀዎት፤ «ዋና ገማች»። ግምት የሚሠራ ሰው ገማች ይባላል ብለን ነው፤ ሌላም ትርጉም እንዳለው ማንም ልብ አላለም። የጽዳት ሠራተኛችን ግን ልብ ብላለች። እርስዎ ሲደርሱ ክፍሉን በሳሙና አጥባ፣ መስኮቱን ሁሉ በርግዳ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጽሑፉን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ከዚያ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ታጥቤ ነው የመጣሁት» አሏት።

ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች ላስረዳ። እኛ ለነጋዴ የዌብሳይት ስም እንመርጣለን። ጫማ ሻጭ ስሙ «ጫማ» ቢሆን፣ ማስታወቂያ ሳያይ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቃሏን በጣቱ ጽፎ በቀጥታ ዘው የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ስንት ነው? እትዬ የሚገምቱት ይህን ነበር። ኮምፒውተሩ ቃሉን ስንት ሰው እንደሚፈልገው ይናገራል። ሥራ አስኪያጃችን ያ ሁሉ ሕዝብ በር ላይ የተሰለፈ ይመስላቸዋል። እትዬ ደግሞ «ፈላጊ ሁሉ ጎብኚ አይደለም» ብለው አብዛኛውን ይሰርዙታል።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው መከራውን ያያል። «ወንድሜ፣ አልጋ መግዛት ቢያምርህ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» ተብሎ ቦታ የቀየረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤትዎም እዚህ አሉ፤ እራት ላይ ስለ ሶፋ ተጠይቀው «እኔ ሶፋ አልፈልግም» ቢሉ፣ ሥራዬን ናቅክ ተብለው ሳምንት ተኮርፈዋል። እኔ ሳገባ ደግሞ «የተጠራ ሁሉ አይመጣም፤ የመጣም ሁሉ ለሙሽሮቹ አይመጣም» አሉኝ። እውነት ነበር። ግን ለሙሽራ እንዲህ ይባላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዋና ስል የእውነት ዋና ነው።

አንዲት የዋና አስተማሪ የተቀጠረችበትን ትታ ለልጆች የራሷን ገንዳ ከፈተች። ስም ምረጡልኝ አለች፤ «ዋና» አልናት። አጭር፣ ግልጥ። እትዬም ቆጥረው፣ ሰርዘው፣ የቀረው ይበቃል ብለው ፈረሙ። እውነትም ሰው ጎረፈ። ሥራ አስኪያጃችን ኬክ አስቆረሱ፤ እኛም አጨበጨብን። አስተማሪዋ ግን መልእክት ላከች፤ «ሰው ገባ ትሉኛላችሁ፤ ገንዳው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

እትዬ ተቀምጠው ጎብኚዎቹ ዌብሳይቱ ላይ የጻፉትን አነበቡ። አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላው ዋና ጸሐፊውን አገናኙኝ ይላል። አንዱማ በዋና ተቆጣጣሪው ላይ አቤቱታ አስገብቷል። መዋኘት ያሰበ ሰው ከስንት አንድ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ካወራሁ ላይቀር ልጨርሰው፤ ያን ቀን «እንግዳ እንግዳ ነው፤ ለምን መጣህ አይባልም» ብለው ነገሩ እንዲዳፈን አዘዙ። እትዬ ካፖርታቸውን ለበሱ። እኔም ተከተልኩ። ገንዳው ዳር ደርሰው ቆመው እንዲህ አሏት፤

«ልጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰው ቆጠርኩልሽ እንጂ ዋናተኛ አልቆጠርኩልሽም።»

 አስተማሪዋ ወንበር ሳበችላቸው። እዚያው ቁጭ ብለው ስሙን «ልጆችን ዋና ማስተማሪያ» ብለው ቀየሩት። ረጅም ነው፤ ጽፎ የሚገባውም ጥቂት ነው፤ የሚገባው ግን ልጁን ይዞ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አዲሱን ግምት አይተው «ይሄ ጠብታ ነው» አሉ። እትዬ «ገንዳም በጠብታ ይሞላል» ብለው መለሱላቸው።

በዚያው ወር ከማዕረግዎ ላይ «ዋና» የሚለው ቃል ተነሣ። «ግድ የለም፤ ድሮም ዋና አልችልም» ብለው አሳቁን። በኋላ ግን ደረጃው ላይ ብቻዎን ቆመው አየሁዎት፤ ያኔ አይስቁም ነበር። ቀርቤ አንድ ቃል ልልዎት ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝም። ዛሬ ልበልዎት፤ አኮሩን።

ገንዳው ሞላ። ልጄ ለመግባት ወረፋ ጠብቃ ነው የተማረችው። አስተማሪዋም ያቻትና፣ ከባለቤትዎ አጠገብ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጃችንም ታሪኩን በየስብሰባው የራሳቸው ሐሳብ አድርገው ያቀርቡታል፤ ጥሩ ነው የሚያቀርቡት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ ቤትዎ ሰላም ይሁን። እኛንም፣ ነገ ሌሎች ትልቅ ቁጥር ይዘውልን ሲመጡ፣ ከማጨብጨባችን በፊት «እነማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አንደበት አያሳጣን።

ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎ ቀድመው ያንሡ። ለእትዬ ጤና።