ሃያ ከሃያ ያገኘው ቋጠሮ

ዶርሳፍ፣ ሁሉም በአክብሮት «ሲ» እያለ የሚጠራቸውን የስካውት መሪ ሲ ላዝሃርን፣ ከሊቢያ ድንበር ብዙም በማትርቀው የታታዊን ከተማ ገበያ፣ ገመድ ሻጩ በር ላይ አገኛቸዋለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። የስካውቱን ገመዶች ሁሉ ተሸክመው መጥተዋል። ሠላሳ ዓመት የመሩትን ቡድን ሊበትኑት መሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

«ሊሸጧቸው ነው፣ ሲ ላዝሃር?»

«ምን ላድርግባቸው፣ ልጄ? አምና የቡድናችንን ልጅ ወናስን የገደለው ጨዋታ ነው። ኳስ ተከትሎ ጎርፍ ውስጥ ገባ። ሌላ እናት አላስለቅስም።»

ዶርሳፍ ረዳታቸው ናት፤ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ነገር ግን የዘንድሮው ጎርፍ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ልጆቹ ደግሞ ቡድን ኖረም አልኖረ ከወንዙ ዳር አይጠፉም።

«ኳሱ አስገባው እንጂ አልገደለውም፤» አለች ቀስ ብላ። «ጓደኞቹ ገመድ ወርውረውለት ነበር። ወገቡ ላይ ቋጠረው፤ ሲስቡት ተፈታ። በእርስዎ ፈተና ግን በዚያው ቋጠሮ ሃያ ከሃያ አግኝቷል።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «አላስተማርኩትም ነው የምትዪኝ?»

«በሰሌዳ አስተማሩት። ገመዱ እንዳይቆሽሽ ብለው ግን በዓመት አንዴ ነበር የሚያስነኳቸው።»

«አንቺስ? ካንቺ ጋር ሲሆኑ ሲጮሁና ሲፈነጥዙ ነው የሚውሉት! እንኳን ቋጠሮ፣ የጫማ ክር ማሰር አላስተማርሻቸውም!»

«እውነትዎን ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በአሮጌ ገመድ ሁለት ዓመት የገመድ ጉተታ አጫወትኳቸው። ወደዱኝ፤ እኔም በመወደዴ ረካሁ። እርስዎ ትምህርቱን ይዘው ደስታውን ጣሉ፤ እኔ ደስታውን ይዤ ትምህርቱን ጣልኩ። ወናስ በሁለታችን መሀል ሰመጠ።»

ሲ ላዝሃር ገመዶቹን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ።

«ልጆቹ ዓይናቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ይቋጥሩ። የተፈታበት ይሳቅበትና ደግሞ ይሞክር። እስቲ እርስዎ ይጀምሩ።»

ተናደው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገመድ ሻጩ ለገመድ የሚሆነውን ሣር ከሚዘፈዝፍበት ባልዲ ውስጥ እጃቸውን ነክረው ገመዱን ወገባቸው ላይ ቋጠሩ። ሻጩ ጫፉን ሳብ ሲያደርገው ተፈታ።

«በዚህስ ፍየልዎን እንዳያስሩበት፣ ሲ ላዝሃር! እስከ ሊቢያ ነው የምትሄድልዎ!» ብሎ ሳቀ፤ ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ አፈረ።

ሽማግሌው እርጥብ እጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። «እኔም ብሆን ኖሮ እሞት ነበር፤» አሉ። ገመዶቹን መልሰው ተሸከሙ።

እሑድ ዕለት አሥራ አንድ ልጆች ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ባልዲ ከበቡ። የወናስ እህትም ነበረችበት። ስድስት ጊዜ ተፈታባት፤ ስድስቱንም ጊዜ ተሳቀባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። ልጅ የወደደውን ይደጋግማል፤ የደጋገመውን እጁ ያውቀዋል፤ እጅ ያወቀው ደግሞ በጭንቅ ሰዓት አይከዳም። ቁም ነገር የሌለው ጨዋታ ቀን ይበላል፤ ጨዋታ የሌለው ቁም ነገርም ደብተር ላይ ይቀራል።

በሰባተኛው ሙከራ፣ ሲ ላዝሃር ወገቧ ላይ የቋጠረችውን ገመድ በሙሉ ኃይላቸው ሳቡት። ልጅቷ ተጎትታ መጣች። አላመኑም፤ ደግመው ሳቡ።

«ያዘ፤» አሉ። ገመዱንም ለሚቀጥለው ልጅ ሰጡ።