ቅቤና ነቀርሳ

በደርግ ጊዜ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት እናትና ሴት ልጃቸው ተቀምጠዋል። እናትየው ጡታቸው ላይ የወጣውን ነቀርሳ ለሐኪም አሳይተው መመለሳቸው ነው።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንኳ ቅቤውን ተይው።»

«ጀመረች ደግሞ! ዕድሜዬን ሙሉ በልቼዋለሁ፤ ምን አደረገኝ?»

«ሐኪሙ ስብና ቅቤ ነቀርሳውን ወደ ሌላ አካል ያዛምተው ይሆናል አለ። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ‹ይሆናል› ነው ያለው። በይሆናል ሽሮዬን ደረቁን ልብላ?»

«ብብትሽ ሥር ያበጠውስ፣ እሱም ይሆናል ነው?»

«ኧረ በአላህ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ጎረቤቱ ሁሉ ‹ደክማለች› እያለ ቅቤ ተሸክሞ ይመጣል። ስመልሰው ክፉ ልጅ የምባለው እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ አንቺስ የሚያዛምተው ቅቤው እንደሆነ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም እማዬ። ሐኪሙም አይደለም። ግን እኔ ከዚህ ሌላ ምን ላደርግልሽ እችላለሁ?»

እናትየው በነጠላቸው ጫፍ የልጃቸውን ዕንባ ጠረጉ።

«እሺ በቃ፣ አልነካውም። አታልቅሺ።»

እኔም ለታመመች እህቴ የገዛሁትን ቅቤ ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩት።